«ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) እናስጀምራችኋለን» ለሚሉ ኤጀንሲዎች ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ዛሬ ከሰዓት ስታዲየም አካባቢ ካለ አንድ ቢሮ ወጥቼ ቤቴ እንደገባሁ ነው የምጽፈው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

ቢሮውን ታውቁታላችሁ። መስታወቱ ላይ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የካናዳ ባንዲራ የተለጠፈበት፣ ግድግዳው ላይ ፓስፖርት ይዘው የሚስቁ ልጆች ፎቶ የተደረደረበት፣ ገና ሳትቀመጡ ማኪያቶ የሚታዘዝላችሁ። ጉዳዩን ወደ ሕግ ስለምወስደው ስም አልጠራም።

የሕግ ዲግሪዬን ከያዝኩ ሦስት ዓመቴ ነው። አምስት ዓመት ተምሬ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፌ፣ ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ ሆኜ እሠራለሁ። አሜሪካ ሄጄ የአንድ ዓመቱን ኤልኤልኤም በግልግል ዳኝነት መማር ከተመረቅሁበት ቀን ጀምሮ ሳስበው የኖርኩት ነገር ነው። ሥራ ውዬ ማታ ፎርም መሙላቱ ከበደኝና «ሙሉ ፓኬጅ» የሚሉትን በ68,000 ብር ገዛሁ። ግማሹ የእናቴ ዕቁብ ነው። ጣሪያ ልታስጠግንበት የነበረውን ብር ነው አውጥታ የሰጠችኝ።

ብዙዎቹ የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች የኤልኤልኤም ማመልከቻ የሚቀበሉት ኤልሳክ በሚባል ተቋም በኩል ነው። ትራንስክሪፕቱን ሬጅስትራር አሽጎ፣ የፖስታው ክዳን ላይ ማኅተም መትቶ ነው መሄድ ያለበት። ፖስታው ከተከፈተ አለቀ፣ አይቀበሉትም። እነሱም ይህን ያውቃሉ፤ «አሳሽገሽ አምጪልን፣ በዲኤችኤል እንልከዋለን» ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። በመስከረም አስረከብኳቸው። ለመላኪያ ብለው ሌላ 7,500 ብር በቴሌብር ተቀበሉኝ። በጥቅምት ስደውል «ደርሷል፣ ፕሮሰስ ላይ ነው» አሉኝ። የኤልሳክ አካውንቴ የተከፈተው በነሱ ኢሜይል ነበር። የይለፍ ቃሉን ስጠይቅ «ሁለት ሰው ከገባበት ሲስተሙ ይዘጋል» ተባልኩ። አመንኩ።

ከመረጥኳቸው ሦስት ትምህርት ቤቶች የሁለቱ የማመልከቻ መዝጊያ ቀን ኅዳር 22 አለፈ። ማረጋገጫ ሳይመጣልኝ ሲቀር ዛሬ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ።

እንግዳ ተቀባይዋ «ደረሰኝሽን ልፈልግልሽ» ብላ ጎንበስ አለችና ሁለተኛውን መሳቢያ ሳበችው። ፖስታዬ ከላይ ተቀምጧል። ቡናማው ፖስታ፣ ጥግ ላይ በራሴ እጅ የጻፍኩት ስልክ ቁጥር፣ ክዳኑ ላይ የሬጅስትራሩ ሰማያዊ ማኅተም። አንዱ ጎኑ በመቀስ ተቆርጧል። ጀርባው ላይ የስኒ ቂጥ ክብ ምልክት ጥሎበታል። ለመስከን እየታገልኩ «ይሄ ምንድነው?» አልኳት። «ኮፒው ነው።» አንስቼ ማኅተሙን አሳየኋት። «እህቴ፣ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ደንበኛ አለ» አለችኝ። እውነትም አጠገቤ አንድ ልጅ ፋይሉን ታቅፎ ተራ ይጠብቅ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ወጣ። ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሳም። «የሕግ ባለሙያ አይደለሽ? ውሉን አንብበሽ ነው የፈረምሽው» አለኝ። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ «የአገልግሎት ክፍያ በማንኛውም ሁኔታ ተመላሽ አይሆንም» ይላል። «ለሚቀጥለው ዓመት እናዛውርልሻለን፣ ልዩነቱን ብቻ ትጨምሪያለሽ» ብሎ ተመልሶ ገባ። በሩን እንኳ በእርጋታ ነው የዘጋው።

ከብሩ በላይ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። በየቀኑ የሰው ውል መስመር በመስመር እያነበብኩ የምውል ሰው ነኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1731፣ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው የሚለው፣ በቃሌ ነው። የራሴን ውል ግን ከሥራ ሰዓት ሰርቄ የወጣሁ ቀን፣ ቆሜ፣ ሳላገላብጠው ፈረምኩት። ፖስታውንም ሳስረክብ የመላኪያ ቁጥር አልጠየቅሁም። ደንበኛዬ እንዲህ ቢያደርግ እቆጣው ነበር። ያም ሆኖ ያው ሕግ አንቀጽ 1704 ላይ ስለ ተንኮል ይናገራል። ሳይልኩ «ለመላኪያ» ብለው የወሰዱት ብር የቴሌብር መልእክቱ እጄ ላይ አለ። አልተውም።

የሦስተኛው ትምህርት ቤት ቀን ገና ነው፤ ግን ትራንስክሪፕቱ እንደገና ወጥቶ፣ ተልኮ፣ ኤልሳክ መርምሮ እስኪጨርስ ይደርስልኛል ብዬ ራሴን አላታልልም።

ሌላም አለ። ቼቭኒንግ ለሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ነጻ የትምህርት ዕድል እናመለክትልሻለን ብለው 6,000 ብር «የምዝገባ» ወስደውብኛል። ቼቭኒንግ ለማመልከት ክፍያ የለውም! የሚጠይቀው የሥራ ልምድ 2,800 ሰዓት ነው፣ እኔ ከዚያ በላይ አለኝ። ይህንን ያወቅሁት ዛሬ ማታ ራሴ ገብቼ ሳነብ ነው።

አካውንቱን በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱ። ትራንስክሪፕቱን ሬጅስትራሩ ራሱ እንዲልክላችሁ ጠይቁ፣ የመላኪያ ቁጥሩን ሳትይዙ አትመለሱ።

መሳቢያው ውስጥ የነበረው የእኔ ብቻ አልነበረም። ከሥሩ ሌሎች ማኅተም ያላቸው ፖስታዎች አይቻለሁ። ስታዲየም አካባቢ ላለ ኤጀንሲ ፖስታ ያስረከባችሁ ካላችሁ ነገ ጠዋት ሄዳችሁ መሳቢያውን አስከፍቱት። እንግዳ ተቀባይዋ ጋ፣ ከላይ ሁለተኛው ነው።