የኮንዶሚኒየም ጣሪያ፦ ጥገና ወይስ ሙሉ ቅያሪ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ማኅበራት

ጣሪያ ባፈሰሰ ቁጥር «ቆርቆሮው አርጅቷል፣ ይቀየር» የሚለው ሐሳብ በማኅበር ስብሰባ ላይ ቶሎ ያሸንፋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከምስማሩ፣ ከኮልሞው (የጣሪያው አናት መክደኛ) ወይም ከተደፈነው አሸንዳ ነው። ስለዚህ ፕሮፎርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት አንድ ባለሙያ ጣሪያው ላይ ይውጣና ሁለት ቆርቆሮ የተደራረበበትን ቦታ ገልጦ ይይ። ውሃ ታምቆ ስለሚቆይ ዝገት ቀድሞ የሚበላው እዚያ ነው። በካቻቢቴ ጫፍ ሲጫኑት ካልተበሳ ጥገና ያዋጣል፤ ከተበሳ ቀይሩት።

ደሴ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በበጋ፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ጠዋት ጠዋት ከኮርኒሱ የሚንጠባጠበው ውሃ የቤት ውስጥ እንፋሎት ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ነክቶ ወደ ውሃነት የተለወጠ ነው። ይህን አዲስ ቆርቆሮ አያድነውም፤ አየር ማስገቢያ ነው የሚያድነው።

ጥገና ስንል ምስማሩን ነቅሎ የጎማ ዋሸር ባለው ቪስ መተካት ነው። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ 10 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ወደ 5 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ምስማሩ ይላላል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። ቪሱ ከድሮው ምስማር ወፈር ይበል። ሞራሌው (ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት) ከበሰበሰ ግን ምንም ቪስ አይዝም። ጎማው ተጨፍልቆ እስኪወጣ ማጥበቅም እንደ መላላት ያፈሳል። ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊከን አትግዙ፤ የቆርቆሮውን ዚንክ ይበላል።

ሙሉ ቅያሪ ከሆነ ስሌቱ ይህን ይመስላል። ከግድግዳው ወጣ ያለውን የጣሪያ ጠርዝ ጨምሮ 12 በ30 ሜትር የሆነ ሕንፃ 360 ካሬ ነው፤ በ15 ዲግሪ ተዳፋት ወደ 373 ይደርሳል፣ ለመደራረቢያና ለብክነት 10 በመቶ ሲጨመር 410 ካሬ ግድም። በ373ቱ ካሬ ላይ በካሬ 7 ቪስ ቢታሰብ 2,600 ገደማ ቪስ ያስፈልጋል። ፕሮፎርማ ላይ «ኢጋ፣ ቀይ» (የቆርቆሮው ዓይነትና ቀለሙ) ተብሎ የተጻፈ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ውፍረቱ በሚሊሜትር ይጻፍ። በ0.3 እና በ0.4 መካከል ያለው ልዩነት በረዶ ሲወርድና ሠራተኛ ሲራመድበት ይታያል፤ እኛ 0.4ን እንመርጣለን፣ ሲረከቡም በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይለካ። በልክ ተቆርጦ የሚመጣ ረጅም ኢጋ መሐል ላይ መጋጠሚያ ስለሌለው ይሻላል። ብረት በግራይንደር ጣሪያው ላይ አይቆረጥ፤ ፍንጣሪው ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ይዝጋል።

ጊዜው ጥቅምት እስከ ጥር ይሁን፤ ከየካቲት በኋላ የበልግ ዝናብ አለ፣ ከሰኔ መጨረሻ ደግሞ ክረምቱ። በቀን የሚነሳው ቆርቆሮ በዚያው ቀን የሚከደን ያህል ብቻ ይሁን። ከክፍያው 10 በመቶ አንድ ክረምት እስኪያልፍ ይያዝ፤ ይህም ውል ላይ አስቀድሞ ይስፈር።

ወጪውን ማን ይክፈል ለሚለው፣ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ጣሪያው የጋራ መጠቀሚያ ነው፤ ጉዳዩ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ብቻ አይደለም። ሥራው ካለቀ በኋላ ዲሽ ጣሪያው ላይ በቪስ እንዳይታሰር በመተዳደሪያ ደንብ ከልክሉ፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።