«ከጓደኝነት ወደ ፍቅር» ተብሎ የሚሸጠው ግማሽ መጽሐፍ

የተመሳሳይ ፆታ የፍቅር ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ለምታነቡ ሁሉ፦ ሰሞኑን ከአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ መደብር ከኪንድል የገዛሁት አንድ መጽሐፍ በጣም አሳዝኖኛል፤ እናንተም ገንዘባችሁን እንዳታጡ ነው የምጽፈው።

ማስታወቂያው ከልጅነት ያልተለያዩ ሁለት ወንዶች፣ ቀስ ብሎ የሚቀጣጠል ፍቅር ይላል። የዚህ ዓይነት ታሪክ ጣዕሙ ያለው ጓደኝነቱ ላይ ነው። ሲቀላለዱ፣ አንዱ የሌላውን ዝምታ ሲያውቅ፣ እናት ልጇ ጋ ደውላ «ጓደኛህስ ደህና ነው?» ስትል መስማት አለብን። ፍቅሩን ቢናገር ምን ሊያጣ እንደሚችል ካላየን ስለ ፍርሃቱ ምን ገዶን? እዚህ ግን የሃያ ዓመት ጓደኝነት በአንዲት አንቀጽ አልቆ፣ ምዕራፍ ሁለት ላይ አልጋ ውስጥ ናቸው። የቀረው በሙሉ ኩርፊያ ነው። አንዱ ስልክ ሲያወራ ሌላው ግማሹን ሰምቶ ይቀየማል፤ «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ይህንንስ በታገስኩት። የባሰው መጨረሻው ነው፦ እንደተለያዩ «በክፍል ሁለት ይቀጥላል» ይላል። መሸጫው ገጽ ላይ ክፍል አንድ መሆኑ የትም አልተጻፈም። በፍቅር ልብ ወለድ ጥንዶቹ አብረው እንዲጨርሱ አንባቢ ይጠብቃል፤ በሁለት ወንዶች ታሪክ ደግሞ ይህ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር ለሁለት ወንዶች ደስተኛ ፍጻሜ የሰጠበትን «ሞሪስ»ን እ.ኤ.አ. በ1913 እና 1914 ጽፎ ሳያሳትመው ኖረ፤ መጽሐፉ የወጣው እሱ ከሞተ በኋላ በ1971 ነው። ያንን ፍጻሜ ቃል ገብቶ ገንዘብ ከተቀበሉ በኋላ መከልከል ማታለል ነው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ነፃውን ናሙና አንብቡ። ጓደኝነቱ እዚያ ከሌለ በኋላም አይመጣም። ዝቅተኛ ኮከብ የሰጡ አንባቢዎች አስተያየት ውስጥ «አያልቅም» ወይም «ተከታዩ ክፍል» የሚል ነገር ፈልጉ። አሜሪካ ያላችሁ፣ አማዞን የኪንድል መጽሐፍ መመለስ የሚፈቅደው በተገዛ በ7 ቀን ውስጥ ነው። ከ10 በመቶ በላይ ከተነበበ ግን በራሱ አይመለስም፤ ጥያቄውን የደንበኞች አገልግሎት ያየዋል። እንግዲህ ቅር ካላችሁ ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አቁማችሁ መልሱት። ቀኑ ካለፈባችሁም ታሪኩ ሳያልቅ የሚቆም መሆኑን አስተያየታችሁ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉ፤ ቀጣዩ ገዢ ቀድሞ የሚያየው እሱን ነው።