ስኪመሩ ጥሩ ነው፤ አርሲዲውን ግን አስቀድሙ

ጣና ደጁ ሆኖ የጨው ውሃ ዓሣ ሳሎኑ ውስጥ የሚያኖር ሰው ጤነኛ አይመስልም፤ ባለቤቴ ከእናንተ ቀድማ ነግራኛለች። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ባለው ቤታችን 120 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አለኝ። ለእሱ የገዛኋቸውን ሦስት ዕቃዎች ልመዝንላችሁ፦ ካኒስተር ፊልተር (ክድን የውሃ ማጣሪያ)፣ ስኪመር (ቆሻሻ በአረፋ የሚለቅም) እና አርሲዲ (ኮረንቲ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ)። ጎረቤቴ እማማ «ልጄ፣ ጨው ከሆነ ከእኔ ጓዳ መች ጠፋ» ብለውኝ ነበር። የወጥ ጨው ግን አይሆንም፤ ዓሣዎቹ የለመዱት ካልሲየምና ማግኒዝየም የለበትም። የገንዳውን ጨው እህቴ ከዱባይ በሻንጣ አመጣችልኝ፤ በሊትር 35 ግራም ሲታሰብ ከአራት ኪሎ በላይ ይፈጃል።

መጀመሪያ የገዛሁት ካኒስተር ፊልተር ነው። ድምፅ የለውም፣ ውሃውንም መስታወት ያስመስለዋል። እዚህ አገር ያለው ጣጣ መብራት ነው። አንድ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ጠፋ። ፊልተሩ ክድን ስለሆነ ውስጡ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አየር አጥሯቸው አለቁ፤ መብራቱ ሲመጣ ፓምፑ ያንን የገማ ውሃ ገንዳው ውስጥ ተፋው። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ! ከሦስቱ ክላውንፊሾች አንዱ አላደረም። ይህ ፊልተር ያላችሁ ሰዎች፣ መብራት ለሰዓታት ከጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ የታቆረውን ውሃ ደፍታችሁ ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ሳታጥቡ አትመልሱት። ከ5 ኮከብ 2።

ስኪመሩ 4 ያገኛል። በአረፋ ቆሻሻውን ሳይበሰብስ ይለቅመዋል፤ በየሦስት ቀኑ ከኩባያው የጠላ አተላ የመሰለ ነገር እደፋለሁ። ውሃውን አየር ያጠግበዋል፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የጨው ውሃ ደግሞ ድሮም ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል። ቆሮሶ ለምታረቡ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ በጨው አልባ ውሃ አረፋው አይቆምም።

አሁን ወደ ዋናው። አንድ ማታ ድንጋይ ላስተካክል እጄን ስከት ጥፍሬ ሥር የተላጠችው ቦታ ጉንዳን የነከሳት ያህል ጠዘጠዘችኝ። ጨው ነው ብዬ ተውኩት። በማግሥቱ ኤሌክትሪሻኑ ቴስተሩን ውሃው ላይ ሲያስነካው በራ። ውሃውን የሚያሞቀው የሂተሩ መስታወት ፀጉር በምታህል መስመር ተሰንጥቆ ኖሯል። ልጁ እግሬን አየና «ጋሼ፣ ይቺን የላስቲክ ነጠላ ጫማ ባያደርጉ ኖሮ…» ብሎ ዝም አለ።

«ብሬከር አለኝ እኮ» አልኩት።

«እሱ ሽቦውን ነው የሚጠብቅ፣ እርስዎን አይደለም።»

እውነቱን ነው። የእኔው ብሬከር 16 አምፔር ነው፤ ሰው የሚሞተው ከአንድ አምፔር እጅግ ባነሰ ነው። ባለ 30 ሚሊአምፔሩ አርሲዲ ግን የሄደውንና የተመለሰውን ኮረንቲ ያወዳድራል፤ ልዩነት ካየ ዓይን ሳይጨፈን ይቆርጣል። ቤቴ አርዝ (የሚያፈስ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) ስላልነበረው ግቢ ውስጥ ዘንግ ተክሎ መስመር ሳበልኝ፤ አርዙ ከገንዳው ውሃ ጋር ከተገናኘ የተሰነጠቀ ሂተር እጃችሁን ሳይጠብቅ አርሲዲውን ያስቆርጠዋል። ከገንዳው ሥር ወለል ላይ የነበረውን ዲቫይደር ሲፈታው ቀዳዳዎቹ ነጭ የጨው ቅርፊት አውጥተዋል። አሁን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ገመዶቹም ጠብታው ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ መሬት እንዲወርድ ከሶኬቱ በታች ዞረው ነው የሚሰኩት።

አርሲዲውም እንከን አለው። አንድ ሌሊት እርጥበት አስቆረጠውና ሁሉም ቆመ፤ ስነሳ ዓሣዎቹ አፋቸውን ውሃው ፊት ላይ ከፍተው ያለከልካሉ። ስለዚህ ሁለት አደረግናቸው፤ ሂተሩ ለብቻው፣ ስኪመሩና ፓምፑ በሌላው። አሁን 5 ሰጥቼዋለሁ።

ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። መጀመሪያ ያመጣሁት አርሲዲ «ቲ» የሚለው ቁልፉ ሲጫኑት አይቆርጥም ነበር፤ ሻጩም አልመልስም አለኝ። ቁልፉ መስመር ካልተሰጠው አይሠራም፤ ሱቁ ውስጥ እንዲያገናኙላችሁ ጠይቁና ራሳችሁ ተጫኑት። ቀጭ ካላለ እዚያው ጥላችሁት ውጡ።