ባለትልቅ ጎማ የሕፃን ጋሪ በጅማ፦ ከአሥር ወር አገልግሎት በኋላ

ልጃችን ሦስት ወር ሲሞላት፣ በኅዳር 2017፣ ከአዲስ አበባ ያስመጣነውን ባለሦስት ጎማ ጋሪ እስከዚህ መስከረም ድረስ በየቀኑ ማለት በሚቻል ሁኔታ ተጠቅመንበታል። ከመግዛታችን በፊት ሁለት ዓይነት አወዳድረን ነበር፤ አንደኛው እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ፣ 6 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝንና ትናንሽ የፕላስቲክ ጎማዎች ያሉት ሲሆን፣ ሁለተኛው በነፋስ የሚሞላ ትልቅ ጎማ ያለው፣ 12 ኪሎ ግራም የሚመዝንና ዋጋውም ከእጥፍ በላይ የሆነ ነው። ባለቤቴ ቀላሉን ወዶት ነበር። እኔ ግን ከባዱን አጥብቄ ፈለግሁ።

ዋናው ምክንያቴ የልጃችን ዕድሜ ነበር። አንገቱ ያልጠና ሕፃን ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ሊወድቅና የአየር መተላለፊያው ሊጠብ ስለሚችል፣ እስከ 6 ወር ገደማ ጀርባውን ዘርግቶ የሚያስተኛ ጋሪ ያስፈልገዋል፤ የጃንጥላው ዓይነት መደገፊያ ግን የሚያዘነብለው በጥቂቱ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት መንገዱ ነው። ትንሹን ዓይነት ከጎረቤት ተውሼ በሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ስሞክረው የፊት ጎማው በድንጋዮቹ መካከል እየተሰነቀረ ጋሪው በድንገት ይቆም፣ ልጅቷም ወደ ፊት ትገፋ ነበር። የኛ ጋሪ ያንኑ መንገድ ሳያነቃንቃት ያልፈዋል፤ ብዙ ጊዜም ቤት ሳንደርስ እንቅልፍ ይወስዳታል።

እውነተኛው ፈተና ክረምቱ ሆነ። ጅማ በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ አስፋልቱን ለቀቅ ሲያደርጉ የሚያጋጥመው ቀይ ጭቃ ደግሞ በጎማውና በሹካው መካከል እየተጠቀጠቀ ሐምሌ ላይ ጎማው እስከነጭራሹ አልሽከረከር ያለበት ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመንገድ በገባን ቁጥር በእንጨት እየፋቅሁ በውኃ አጥበዋለሁ፤ ፍሬኑንም አብሬ አጸዳለሁ፣ ምክንያቱም ጭቃ ሲደርቅበት ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ አይቆልፍም። ወደ አዌቱ ወንዝ የሚወርዱትን ቁልቁለቶች የሚያውቅ ሰው ይህን ቸል ሊለው አይችልም። እርጥቡን ጨርቅ ሳላወልቅ ያሳደርሁባቸው ሁለት ሌሊቶች መቀመጫው ሥር ሻጋታ አስከትለዋል፤ ጨርቁ የሚወልቅ ባይሆን ኖሮ ጋሪውን እስከ መጣል እንደርስ ነበር።

እናቴ ፀሐይ እንዳይነካት በማሰብ ነጠላዋን በጋሪው ጥላ ላይ ትጥል ነበር። ነገር ግን የተሸፈነ ጋሪ አየር ስለማይዘዋወርበት ውስጡ በጥቂት ደቂቃ ይግላል፤ እጇን አስገብታ ሙቀቱን ከሞከረች በኋላ ትታዋለች። የዝናብ መከላከያውን ላስቲክም ዝናቡ እንዳባራ ወዲያው እናነሣዋለን።

አንድ ጊዜ ክፉኛ ደንግጫለሁ። ከመርካቶ ስመለስ ሽንኩርትና ድንች የያዘ ፌስታል መያዣው ላይ ሰቅዬ ነበር፤ ልጅቷን እንዳነሣኋት ሚዛኑ ጠፍቶ ጋሪው ወደ ኋላ ተገለበጠ። እርሷ በእጄ ላይ ስለነበረች ምንም አልሆነችም። ዕቃ መቀመጥ ያለበት ከሥር ባለው ቅርጫት ብቻ ነው፤ ቀበቶውም በትከሻ፣ በወገብና በእግሮች መካከል፣ አምስቱም ቦታ ለአጭር መንገድ እንኳ መታሰር አለበት።

የኋላ ጎማው ሁለት ጊዜ ተንፍሷል። የሸጠልን ሱቅ መለዋወጫ እንዳለው ነግሮን የነበረ ቢሆንም ስንጠይቀው አልተገኘም፤ የሰፈራችን ጎሚስታ ግን እንደ ብስክሌት ከመነዳሪ ለጥፎ በደንብ ሠርቶልናል። ባጃጅ ላይ መጫን ይበልጥ ያስቸግራል። የፊቱን ጎማ በቁልፉ ነቅለን ካጠፍነው እግራችን ሥር ይገባል፣ ሆኖም ሦስተኛ ሰው ካለ ቦታ አይበቃም። ስለዚህ አብዛኛው ጉዞው በባጃጅ የሆነ ቤተሰብ፣ ልጁ በራሱ መቀመጥ ከቻለ በኋላ ቀላሉን ቢገዛ አልቃወምም።

ሐሙስ ገበያ ሲደምቅ ጋሪውን ቤት ትተን ልጅቷን እናቴ በአንቀልባ ታዝላታለች፤ በዚያ ግፊያ መካከል ምንም ጎማ አያልፍም። ጋሪው የሚችለው እስከ 15 ኪሎ ግራም ነው፣ ልጃችን አሁን 9 ከግማሽ ናት፤ የትከሻ ማሰሪያውንም ባለፈው ሳምንት ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ከፍ አድርገንላታል።