ከወንዝ ዳር የተቆፈረ ጭቃ ወይስ ተዘጋጅቶ የተገዛ?

የቅጠል፣ የዛጎል ወይም የዛፍ ቅርፊት መልክ ያለው የሸክላ ቅርጻ ቅርጽ ለመሥራት የተነሣ ሰው ጭቃውን ራሱ ቆፍሮ ያመጣል፤ አለዚያም ተቦክቶ በላስቲክ የታሸገውን ይገዛል።

የተገዛው ጭቃ ትልቁ ጸጋ አስተማማኝነቱ ነው። በስንት ዲግሪ እንደሚበስልና ምን ያህል እንደሚኮማተር አስቀድሞ ይታወቃል። ስስ የአበባ ቅጠል ለሚሠራ እጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የተቆፈረው ትዕግሥት ይጠይቃል። አፈሩ ይደርቃል፣ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ በወንፊት ይጠልላል፣ ጨርቅ ላይ ይጠነፈፋል። ከዚያ እንደ እርሳስ የወፈረ ዘንግ አድቦልቡሎ ጣት ላይ መጠምጠም ነው፤ ካልተሰነጠቀ ለሥራ ይሆናል። ከሁሉ የምፈራው የኖራ ጠጠርን ነው። ሽንብራ የማታክል ጠጠር በእሳት ተቃጥላ ትወጣና ከቀናት በኋላ የአየሩን እርጥበት ስባ ታብጣለች፤ ያማረውን ገጽ ፈንቅላ ትጥለዋለች። ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1000 እስከ 1100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበስላል፤ 1250 ላይ ሊያብጥ፣ ሊቀልጥም ይችላል። ስለዚህ 10 ሴንቲሜትር መስመር የተሰመረበት የሙከራ ቁራጭ አስቀድሞ ይቃጠል። መስመሩ 9 ሴንቲሜትር ሆኖ ከወጣ ጭቃው 10 በመቶ ተኮማትሯል።

ይህ ሁሉ ድካም እያለም የእኔ ልብ ለተቆፈረው ያደላል። የዛፍ ቅርፊት ስቀርጽ የአፈሩ ሻካራነትና ዝገት የመሰለው ቀለሙ ግማሹን ሥራ ይሠራልኛል። ለጀማሪ ግን ቅርጹን በተገዛው ሠርቶ፣ ገና እርጥብ ሳለ የተቆፈረውን አቅጥኖ ላዩን እንዲቀባው እመክራለሁ።