የሲኤንሲ ፍሬም፦ ቱቦላሬ ወይስ የአሉሚኒየም ፕሮፋይል?

ቤት ውስጥ እንጨት የሚቀርጽ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን) ልሠራ ስነሳ የሚያስጨንቀኝ ሞተሩ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሥራ የሚያበላሸው የፍሬሙ መለመጥ ነው።

ቅርጽና መጠናቸው እኩል ከሆነ፣ በአንድ ዓይነት ጭነት አሉሚኒየም ከብረት 3 እጥፍ ገደማ ይለመጣል። ቱቦላሬ ደግሞ በየብረታ ብረት ሱቁ አለ፤ በያጅም አይጠፋም። ጣጣው ብየዳው ነው። ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ፍሬሙን ይስበዋል። ማታ በስኳድራ ልክ ያልኩት ማዕዘን ጠዋት 2 ሚሊሜትር ሸሽቶ ጠበቀኝ። መጀመሪያ ነጠብ ነጠብ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ ፊትና ጀርባውን እያፈራረቁ መበየድ ይረዳል። ያም ሆኖ ተንቀሳቃሹ ክፍል የሚንሸራተትበት ሐዲድ የሚያርፍበት ፊት ተስተካክሎ መስመር መያዝ አለበት።

ፕሮፋይሉ፣ ማለትም ለብሎን ማሰሪያ ቦይ ያለው የአሉሚኒየም ዘንግ፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው። በብሎን ታስራላችሁ፤ ካልገጠመ ትፈታላችሁ። በያጅ መለማመጥ የለም። ግን ዋጋው! ብሎኖቹም በንዝረት ይላላሉ።

እኔ መሠረቱን በቱቦላሬ፣ ከላይ የሚመላለሰውን ድልድይ በወፍራም ፕሮፋይል እሠራለሁ። አሉሚኒየም የብረትን ሲሶ ገደማ ስለሚመዝን ሞተሩ አይለፋም። ድልድዩን ግን አሳጥሩት፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን መለመጡ 8 እጥፍ ይሆናል።