ጠጁ አንደኛ፣ ጅኒው ግን እየተበላሸ ነው

ባለፈው ረቡዕ ደሴ ነበርኩ፤ ያን ቤት ከስንት ዓመት በኋላ በድጋሚ አየሁት። ስሙን አልጠራም፣ ከታች አንድ ሁለት ቅሬታ ስላለኝ። ደሴ ያደገ ሰው ግን ከፒያሳ ወጣ ብሎ ያለው የድንጋዩ ጠጅ ቤት ስለው ወዲያው ያውቀዋል፣ ምናልባትም ልጅ ሆኖ በበሩ ሲያልፍ ሮጧል። ጅኒ አለበት ይባል ስለነበር እኛ እንሮጥ ነበር። ክርስቲያኑ በስመአብ፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ እያለ፣ እስከ ታች መታጠፊያው ድረስ።

መጀመሪያ ስለ ጠጁ። በስኳር የተሠራ ጠጅ ጠጥቶ በማግስቱ ጭንቅላቱን ይዞ የዋለ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ይሄኛው ማር፣ ውሃና ጌሾ ነው፣ አለቀ። ጌሾው መረር ብሎ ጉሮሮ ላይ ትንሽ ይቆምና ማሩ ከኋላ ይመጣል። አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ አይጠጣም፣ ብርዝ አዘዘ፣ እሱም ወዶታል። ጾም ስለነበር ሽሮ በላን። ሽሮው ደህና ነው፣ እንጀራው ቀዝቅዞ ነው የመጣው። ሽንት ቤቱን አትጠይቁኝ።

ግን ማን ለሽሮ ሄደ? ሰው እዚያ ቤት የሚሄደው ለወሬው ነው።

የድሮዋ ባለቤት በሕይወት በነበሩ ጊዜ ወሬው ሌላ ነበር። ወሬ ላውራ ብለው አያወሩም። አንድ ቀን ለአባቴ ተልኬ ገብቼ ጓሮ አገኘኋቸው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ጋን በግራዋ እያጠቡ። «እማማ፣ እውነት እዚህ ቤት ጅኒ አለ?» አልኳቸው። ቀና እንኳ አላሉም። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጋኑ ውስጥ ነው፣ ድምፃቸው ከውስጥ ነው የሚመጣው። «ማታ ማታ ይወርዳል። ክፉ አይደለም። እሳት ነው የሚጠይቀው» አሉ። እኔ ፀጉሬ ቆመ። ከዚያ ዝም አሉ፣ ግራዋውን ገለበጡ፣ እንደገና ማሸት ጀመሩ። «ታዲያ ሰጡት?» ስላቸው «ክብሪት በነፃ ነው እንዴ ልጄ?» ብለው ወደ ቤቴ ላኩኝ። ያን ማታ አልተኛሁም። ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚወርድ፣ አንድም አልነገሩኝም እኮ!

አሁን አስተናጋጁ ሁሉንም ይነግርሃል። ሳትጠይቀው። ገና ሳትቀመጥ፣ ጣሊያናዊ ካፒቴን በ1925 ፎቅ ላይ በአንዲት ወይዘሮ ፍቅር ራሱን እንዳጠፋ ይተርክልሃል። ወንድሜ፣ ጣሊያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 1928 ነው፣ የወጣው ሚያዝያ 1933። ሦስት ዓመት ቀድሞ የመጣ ጣሊያን ከሆነ እውነትም መንፈስ ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ለጎናችን ጠረጴዛ ያው ጅኒ ከሰገሌ ጦርነት ቆስሎ የተመለሰ የንጉሥ ሚካኤል ወታደር ሆነ። ሰገሌ እኮ 1909 ነው፣ ቤቱን ደግሞ ጣሊያን ሠራው ብሎ የነገረን ራሱ ነው። የቱ ነው እንግዲህ?

የሚያናድደኝ ውሸቱ አይደለም። ውሸትማ የጠጅ ቤት ወግ ነው። ደሴ ግን ካፒቴን መፈልሰፍ የሚያስፈልገው ከተማ አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህንኑ ከተማ ደብድበዋል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እዚሁ እያሉ። የዚያን ቀን የሞቱ ሰዎች የትም ቤት ቢመላለሱ አይገርመኝም። ይህን ግን አስተናጋጁ አያውቀውም፣ ወይ አይሸጥም ብሎ ትቶታል።

ሌላው አዲስ ነገር ፎቁ መውጫ ላይ የሰቀሉት ቀይ አምፖልና ትንሽ ስፒከር ነው። በየሰዓቱ የሚያቃስት ድምፅ ይለቃል። የስፒከር ጅኒ! ሲጀምር አንዱ ሽማግሌ «ይሄን ሰውዬ ሐኪም ቤት ውሰዱት» አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እውነተኛው ድምፅ ግን አሁንም አለ። ከምሽቱ ሁለት፣ ሦስት ሰዓት ላይ ከላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ቀጭ ይላል፣ ልክ ሰው በጫማ እንደሚሄድ። ጓደኛዬ ኮምቦልቻ ግንባታ ላይ ነው የሚሠራው፣ ሳቀብኝ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐይዋ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ ብርዱ ወዲያው ይወርዳል፣ ቀን የጋለው ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ የወለሉም ሳንቃ እንደዚያው፣ አለኝ። «እኛ ጋ ሙቀት ነው፣ ጅኒውም ላብ በላብ ሆኖ ይሸሻል» ብሎ ቀለደ። በጣም አሳመነኝ። ከዚያ ልክ ከራሱ በላይ ቀጭ ሲል ብርዙን አስቀምጦ ቢስሚላህ አለ።

የጥግ ወንበሩም አለ። ድሮ እማማ ቤቱን ሲከፍቱ የመጀመሪያውን ብርሌ እዚያ ያስቀምጡ ነበር፣ ከራሳቸው ጠጅ፣ ማንንም ሳያስከፍሉ። ማንም አይቀመጥበትም፣ አሁንም አይቀመጥበትም፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሰው ቆሞ እየጠጣ እንኳ። ይህን ስላልነኩት አመሰግናለሁ።

ሂሳብ ሲመጣ ግን እኔ ሁለት ብርሌ ጠጥቼ ሦስት ተጽፏል። አስተናጋጁን ጠራሁት። «ሦስተኛው የጥጉ ነው ጋሼ፣ አዲስ እንግዳ ሲመጣ ለቤቱ ይቀዳል» አለኝ። እኔ አዲስ እንግዳ! እዚህ በር ላይ ስሮጥ አላየኝማ። ሄጄ አየሁ፣ ብርሌው አለ፣ ባዶ ነው። «ታዲያ ጠጁስ?» አልኩት።

«ጠጥቶት ነዋ» አለ ልጁ፣ ትንፋሹ ጌሾ ጌሾ እየሸተተ።

ከፈልኩ።